አጎዋን ከእኔ በላይ ማን ሊነግረኝ ነው?

ዛሬ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017፣ ማታ ከኮምቦልቻ ደሴ በመጣው ሚኒባስ ጋቢና የተቀመጡት ሰውዬ ፌስቡክ ካላቸው፣ ይሄ ጽሑፍ ይድረሳቸው። ከኋላዬ ኤርፎን ሰክቶ የነበረው ልጅም ያንብበው። ቆሽቴ እርር ብሎ ነው ቤት የገባሁት። እራት ቀርቦልኝ አልነካሁትም።

ገና መናኸሪያ ሳለን ሾፌሩ ሬዲዮ ከፈተ። በአሜሪካ ምርጫ ትራምፕ ለማሸነፍ የሚበቃውን 270 ድምፅ አልፏል፣ አበቃ፣ ተባለ። ሰውዬው አጨበጨቡ። ልጃቸው የተመረቀ ነው የሚመስለው! ልጁ ከኋላ "ምኑ ነው የሚያስጨበጭበው?" አለ። በቃ። የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ እስክንገባ ያዙኝ ልቀቁኝ ሆነ።

ሰውዬው "አጎዋን፣ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የመሸጥ ዕድላችንን፣ የነጠቀን ባይደን አይደለም? የማዕቀብ ትዕዛዝ የፈረመብን ማነው?" ይላሉ። ልጁ "ግብፆች ግድቡን ያፈነዱታል ያለው ማነው? በግድቡ ሰበብ እርዳታ ያስያዘብንስ ትራምፕ አይደለም?" ይላል። ሁለቱም ያሉት የሆነ ነገር ነው። የግድቡን ንግግር ጥቅምት 2013 ላይ ሁላችንም ሰምተነዋል። ከጉሮሮዋ ነጥቃ ቦንድ የገዛችው እናቴ ያን ማታ እንዴት እንደሆነች እኔ ነኝ የማውቀው። አጎዋን ደግሞ ከማንም አልሰማሁትም። ደርሶብኛል።

ጓደኞቼ ታውቃላችሁ፤ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ እጅጌ ገጣሚ ነበርኩ። ቀኝ እጅጌ ከእኔ፣ ግራ እጅጌ ከጎኔ ካለችው ልጅ። ሱፐርቫይዘሯ ሰዓት ይዛ ከጀርባችን ትቆማለች። ታርጌት ካልሞላን ሻይ የለም። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ አልዋሽም። ግን የቤት ኪራይ እከፍልበት ነበር፤ ታናሽ ወንድሜን አስተምሬበታለሁ።

ከዚያ 2014 መጣ። ከተማችን በጦርነቱ በተያዘች ሰሞን ነው ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣለሁ ያለው። እኛ ያኔ ዜና የምንሰማበት አንጀት የት ነበረን? ኅዳር 27 ነፃ ወጣን። ስንመለስ የእኛ ላይን፣ የስፌት መስመራችን፣ ወንበሩ ተገልብጦ፣ ክሩ ወለሉ ላይ ተበትኖ አገኘነው። ለቅመን ጠርገን ሥራ እንጀምራለን ስንል ታኅሣሥ 23 ደረሰ፤ ከአጎዋ ወጣን። በመካከሉ ወር እንኳ የለም። ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ ተጫነበት፣ ትዕዛዝ ቀነሰ፣ ላይኑ ተዘጋ። "ስንፈልጋችሁ እንደውላለን" ተባልን። ይኸው እስከ ዛሬ ማንም አልደወለም።

እናም ሰውዬው "አጎዋ፣ አጎዋ" ሲሉ ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ። ቃል በቃል ያልኩትን ልጻፍ፦ "ጋሼ፣ እኔ በአጎዋ ምክንያት ከሥራ የወጣሁ ነኝ። ስፌት ነበርኩ። ግን ትራምፕ ይመልሰዋል ብለን አንጠብቅ። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ሁሉ ላይ ቀረጥ እጥላለሁ እያለ ነው ሲቀሰቅስ የከረመው። ቀረጥ የሚጨምር ሰው ለእኛ ብሎ እንዴት ያነሳል? አጎዋም ራሱ መስከረም 2018 ላይ ጊዜው ያበቃል።"

ስድብ አለበት? ድምፄን ከፍ አድርጌያለሁ? "ጋሼ" ብዬ ነው የጀመርኩት!

ሰውዬው ከጋቢና ዞሩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ክር ስትቆርጪ ነው ፖለቲካ የተማርሽው?" አሉ።

ሚኒባሱ ሳቀ። ረዳቱ ሳይቀር ሳቀ። ያ ረዳት ባለፈው መልሴን ሳይሰጠኝ ያወረደኝ፣ በማታ ታሪፍ ስም እንደፈለገው የሚያስከፍለን፣ አራት ሰው በሚቀመጥበት አምስት የሚያጭቀው ረዳት!

ልጁ እንኳ ከእኔ ጋር የሚቆም መስሎኝ ነበር። የሰውዬውን ወሬ ነው ያፈረስኩለት። እሱ ግን ከኋላ ትከሻዬን ነካ አድርጎ "እህቴ፣ ለመሆኑ ኢሌክቶራል ኮሌጅ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው 538 ድምፅ ነው፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል፤ ፔንሲልቬንያ ብቻዋን 19 አላት። ክው አለ። ከዚያ "ኧረ ጎግል አድርጋ ነው!" ብሎ ሳቀ። ሰውዬውም ተቀበሉት፦ "ለዚህ እኮ ነው አሜሪካኖች ሴት አንመርጥም ያሉት።" ልጁ ይሄን ሰምቶ ባሰበት፤ ጭኑን እየመታ ሳቀ። የትራምፕ ተፎካካሪ የካማላ ሃሪስ ደጋፊ ነኝ ብሎ ከኮምቦልቻ ጀምሮ ሲጮህ የመጣ ልጅ!

ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ቀረና በእኔ ታረቁ። ደሴ ስንደርስ ስልክ ተለዋውጠው ነው የወረዱት። እኔ እዚያው ምራቄን ውጬ ቀረሁ። የምመልሰው ሁሉ የመጣልኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። አሁን ልመልስ።

ሴት አትመራም የሚለውን የወሎ ሰው እንዴት አፉን ሞልቶ ይናገረዋል? ምኒልክ በ1857 ከመቅደላ አምልጠው ሲመጡ በወሎ ያሳለፈቻቸው ማናት? ወርቂት አይደለችም? ያውም ልጇ በቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ሳለ። ልጇን አጣችበት። እንዲህ ያለ ውሳኔ የወሰነች ሴት በገዛችበት አገር ተቀምጦ "ሴት አንመርጥም" እያሉ መሳቅ ነውር ነው። ሩቅ ነው ካሉ ደግሞ የቅርቡን እናውራ። ሳህለወርቅ ዘውዴ ስድስት ዓመት ፕሬዚዳንታችን ነበሩ፤ የለቀቁት ገና መስከረም ላይ ነው።

ይሄንን ካነሳሁ አይቀር ሌላም የሚያንገበግበኝ አለ። መስከረም 27 ሁለቱ ምክር ቤቶች ተሰብስበው ታዬ አጽቀሥላሴን ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ። የራሳችን አገር ፕሬዚዳንት! እኔና እናንተ ለዚያ ድምፅ አንሰጥም፤ ሕገ መንግሥቱ ለምክር ቤቶቹ ነው የሰጠው። እሺ ይሁን። ግን በዚያን ቀንም በዚሁ ሚኒባስ ነው የመጣሁት፤ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ሥልጣኑ ምን ያህል ነው፣ ለምን እኛ አንመርጥም ብሎ የጠየቀ የለም። ለአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግን ጉሮሮ እስኪደርቅ ይጮኻል። ዊስኮንሲን ማንን ታውቃለች? ሐረጎ ላይ መንገድ ሲናድ ዊስኮንሲን ትጠግንልናለች?

ቤታችንም ሰላም የለም። የአክስቴ ልጆች አንዱ ቨርጂኒያ፣ አንዱ ሜሪላንድ ናቸው። አንዱ ይሰግዳል፣ አንዱ ያስቀድሳል። የወሎ ቤት ነው፤ ማንም ገርሞት አያውቅም። ዒድ ሲሆን ያኛው ይደውላል፣ ፋሲካ ሲሆን ይሄኛው ብር ይልካል። ዛሬ በቤተሰቡ ቴሌግራም አንዱ "እንኳን ደስ አላችሁ" ብሎ የትራምፕን ፎቶ ለጠፈ። ወንድሙ "ስደተኛ ሆነህ ስደተኛ የሚያባርር መረጥክ" አለው። ያኛውም "ደሴ ስትዘረፍ ዝም ላለ ፓርቲ ድምፅ የምትሰጥ አንተ ነህ" አለ። ከዚያ የተጻፈውን እዚህ አልደግመውም። ሁለቱም ከግሩፑ ወጡ። ሃይማኖት ያልለያያቸውን ልጆች! አክስቴ ማንበብ አትችልም። "ምን ተባባሉ?" እያለች ስልኩን ለእኔ ትሰጠኛለች። ምን ብዬ ልንገራት? ካማላ ራሷ ደውላ ሽንፈቷን ተቀብላለች እየተባለ ነው። የእኛዎቹ ስልክ አይነሳም።

ደክሞኛል። ሰሞኑን ደግሞ የሥራ ፈላጊ ካርዴን ላሳድስ ሄጄ "ሲስተም የለም" ተብዬ ነው የተመለስኩት። ከዚያ በፊት ስሄድ ሲስተሙ ነበረ፤ ሰውየው አልነበረም። ስለዚህ የሚጮህ አንድ ሰው አላየሁም። አጎዋ ሲባል ያ ሁሉ ወንድ ደረቱን ይነፋል። ላይኑ ሲዘጋ አብረውኝ የወጡት ልጆች የት ደረሱ ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ግማሾቹ ዓረብ አገር ናቸው። ግራ እጅጌ ትገጥም የነበረችው ልጅ ቤይሩት ናት፤ በዚህ ቦምብ መሐል! ስደውልላት "አብሽሪ፣ ደህና ነኝ" ትለኛለች። ጋቢና ለተቀመጡት ሰውዬ ይሄ ፖለቲካ አይደለም። ለእኔ ከዚህ ሌላ ፖለቲካ የለም።

ወንድሜ አሁን ከጎኔ ቆሞ "ዲቪዬን ሙይልኝ" እያለ ይነዘንዘኛል። ነገ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ትራምፕ ባለፈው ሥልጣኑ ዲቪን ላስቀር ሲል እንደነበር ነገርኩት። "እስኪያስቀረው ልሞላ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እሞላለታለሁ። ፒያሳ ያሉት ኢንተርኔት ቤቶች ከጠዋት ጀምሮ ሰው በሰው ናቸው። እዚያም ወረፋ ላይ ሆነው ትራምፕ ካማላ እየተባባሉ ነው አሉ።

ኮሜንት ላይ "አንቺ የማን ደጋፊ ነሽ?" ብሎ የሚመጣውን ሁሉ ብሎክ አደርጋለሁ፤ ዘመድም ቢሆን። የማንም አይደለሁም። አንደኛው ግድቤ ላይ ዛተ፣ አንደኛው ሥራዬን ወሰደ። ይልቅ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ የሚፈልግ የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ኦቨርሎክም ቀጥታ ስፌትም እችላለሁ። በፈረቃም እገባለሁ።