ይድረስ ለእንግሊዝኛው የጥቅል ስም፦ አንተ ልበልህ ወይስ እናንተ?

ለጤናህ እንደምን ነህ? ወይስ ለጤናችሁ እንደምን ናችሁ? ይኸው፣ ገና ሰላምታው ላይ አስቸገርከኝ። ለሰው ደብዳቤ ሲጻፍ ተቀባዩ አንድ ይሁን ብዙ ቢያንስ ይታወቃል። አንተ ግን ስምህ አንድ፣ ሆድህ ውስጥ ያለው ሕዝብ ብዙ፣ ግስህ ደግሞ እንደ ቀኑ ሁኔታ ነው። ለጊዜው "አንተ" እያልኩ እቀጥላለሁ። ቅር ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።

ቲም፣ ፋሚሊ፣ ኮሚቲ፣ ስታፍ፣ ጁሪ፣ ኦዲየንስ፣ ገቨርንመንት እየተባልክ በየመጽሐፉ የምትዞረው አንተን ነው የምለው። ሌላ ሰው ነው እንዳትል።

መጀመሪያ ያስተማሩን ሕግ ቀላል ነበር። ባለቤቱ ነጠላ ከሆነ ኢዝ፣ ብዙ ከሆነ አር። ኤስ የምትባለዋ ፊደልም እንደ ተረኛ ዘበኛ ናት፤ ስሙ ላይ ከቆመች ግሱ ላይ የለችም፣ ግሱ ጋ ከሄደች ስሙ ባዶውን ነው። "ቦይ ረንስ፣ ቦይስ ረን።" እሺ አልን፣ ሸመደድን፣ ገባን። ከዚያ አንተ መጣህ። ያለ ኤስ ብቅ ብለህ "ብዙ ነኝ" አልክ። ዘመድህ ኒውስ ደግሞ ኤሱን ለብሶ "እኔ ነጠላ ነኝ" አለ። ማቲማቲክስና ፊዚክስም ተከተሉት። ፖሊስ ጭራሽ ድርድር አያውቅም፣ ሁሌ አር ነው። አንድ ፖሊስ ብቻውን ጥግ ላይ ቆሞ ብታየው እንኳ ኢዝ ለማለት "ፖሊስ ኦፊሰር" ብለህ በማዕረጉ መጥራት አለብህ።

የአንተን ጉዳይ የሚያስረዳ መጽሐፍ ስንከፍት ደግሞ የባሰ መጣ። ቡድኑ እንደ አንድ አካል ከሠራ ኢዝ፣ አባላቱ በየፊናቸው ከሆኑ አር ይላል። ለመሆኑ ኮሚቴው ውስጥ ምን እንደተካሄደ እኔ በምን አውቃለሁ? ቃለ ጉባኤው አልደረሰኝም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ብዬ የሰው ስብሰባ በር አንኳኩቼ "ይቅርታ፣ ተስማምታችኋል ወይስ ተኳርፋችኋል?" ልበል? በዚህ ስሌት ጁሪው፣ ማለትም ፍርድ ቤት ተሰይሞ የሚፈርደው የተራ ሰዎች ቡድን፣ ብይን ሲሰጥ ኢዝ ነው፣ ከዚያ በፊት በሩን ዘግቶ ሲጨቃጨቅ አር። ቤተሰብም በሰርጉ ቀን ኢዝ፣ በውርስ ክፍፍሉ ቀን አር።

እሺ፣ ይሄም ይሁን። አትላንቲክን ስትሻገር ፀባይህ የሚለወጠውስ? ለንደን ላይ "ዘ ገቨርንመንት አር" ብሎ የጻፈ ሰው ማንንም አያስገርምም። እዚያ ሁለቱም ያስኬዳል። ዋሽንግተን ላይ ግን ያችኑ ዓረፍተ ነገር በቀይ ያሰምሩባታል። ቋንቋው አንድ፣ ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙም አንድ ነው።

ኳስ ላይ ደግሞ ለይቶልሃል። ፕሪሚየር ሊግ በእንግሊዝኛ የሚከታተል ሁሉ የኮሜንታተሮቹን "አርሰናል አር" እየሰማ ነው የሚያድገው። ኢንግላንድ ካርታ ላይ ኢዝ ነው፣ ሜዳ ሲገባ አር። አሜሪካኖቹስ ቢሆኑ? "ኒው ዮርክ ኢዝ" ካሉ በኋላ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ያንኑ የቤዝቦል ክለብ "ዘ ያንኪስ አር" ይሉታል። የቅርጫት ኳስ ክለቦቹ ማያሚ ሂትና ዩታ ጃዝ ኤስ የሚባል ነገር ባይኖራቸውም ጋዜጦቻቸው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ያደርጓቸዋል። እኛ "አርሰናል ተሸነፈ" እንላለን፣ አለቀ። ሐዘኑን እንጂ ግሱን አናበዛውም።

አንድ አገር እንኳ በዚህ ጣጣ ተነካክቷል። እ.ኤ.አ. በ1787 የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የአገር ክህደትን ሲተረጉም ዩናይትድ ስቴትስን "እነሱ" እያለ ነው። በእነሱ ላይ ጦር ማንሳት፣ ለጠላቶቻቸው መወገን፣ እንዲህ ነው የሚለው። ዛሬ "ዩናይትድ ስቴትስ አር" ብትል ፊደል ያልቆጠርክ ነው የምትመስለው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ነው አሩን ኢዝ ያደረገው እያሉ በኩራት የሚተርኩ አሉ። ደስ የሚል ወሬ ነው። ችግሩ፣ ባርነትን ያስቀረው 13ኛው የሕገ መንግሥቱ ማሻሻያ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1865፣ ያ ሁሉ ሰው አልቆ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው፤ እሱም "በሥልጣናቸው ሥር" እያለ አሁንም በብዙ ቁጥር ይጠራታል። አየህ፣ መድፍም ግስህን ቶሎ አላስተካከለውም።

እኛም ንጹህ ነን አልልም። አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ሲገቡ "መጡ" እንላለን፣ አሥር ጎረምሳ ተግተልትሎ ሲገባ ደግሞ "አሥር ሰው መጣ"። የውጭ ሰው ይሄን ሲማር ፀጉሩን ይነጫል። ግን የሽማግሌው ምክንያት ይታወቃል፣ አክብሮት ነው። አንተም የፈለግከው አንቱታ ከሆነ በግልጽ ንገረንና እንገላገል። ኮሚቲ በዕድሜ ገፍተዋል፣ ቢያንስ አር ይገባቸዋል ብለን ተነስተን እንቀበላለን።

ስለ ነምበር ብዙ አላወራም፣ ደሜ ይፈላል። "ኤ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ አር" ይልና "ዘ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ ኢዝ" ይላል። ተማሪዎቹ እነዚያው ናቸው! "ሞር ዛን ዋን ስቱደንት" ደግሞ ከአንድ በላይ ነኝ ብሎ በአደባባይ እየማለ ኢዝ ይወስዳል።

ይሄ ሁሉ ለእንግሊዞቹ የቤታቸው ጉዳይ ነው፣ እንደፈለጉ ይሁኑ። እኔን የሚያበግነኝ አንተ ፈተና ላይ ስትመጣ ነው። እዚህ አገር ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው፣ ስለዚህ ከአንተ ጋር ሳይተዋወቅ የሚያልፍ ተማሪ የለም። ወረቀቱ ላይ "ዘ ቲም" ይልና ክፍት ቦታ፣ ከሥሩ ሀ. ኢዝ ለ. አር። አንዱን ብቻ አክብብ! የቋንቋው ባለቤቶች ባሕር ለባሕር እየተያዩ ያልተስማሙበትን ነገር፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይወስናል። ጥያቄው ከለንደን ይሁን ከዋሽንግተን የመጣ አይነገረውም። ልጁ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ደግሞ ከኳስ የሰማው ነው፣ አር ያከብባል፣ ኤክስ ይቀበላል። ወይ ጥያቄው ፓስፖርቱን ይዞ ይምጣ፣ ወይ "ሐ. ሁለቱም" የሚል ምርጫ ይጨመርልን።

እስከዚያው እኔ ካንተ ጋር መነካካት ትቻለሁ። በ"ቲም" ፈንታ "ፕለየርስ"፣ በ"ስታፍ" ፈንታ "ስታፍ ሜምበርስ" እላለሁ። ኤሳቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ አራቸውን ይወስዳሉ፣ ነገር የለም። መሸሻ ሳጣ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን በኃላፊ ጊዜ እጽፈዋለሁ። "ዘ ኦዲየንስ ላፍድ።" አንድም ይሁኑ ሺህ፣ ሳቁ፣ ሄዱ። ዋዝና ዌር ካልመጡብኝ በስተቀር ሰላም ነኝ።