ጊንጡ የማን ነው?

ጅማ ውስጥ ሐምሌ ላይ ጫማውን ሳያራግፍ የሚያደርግ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ እኔ ነኝ።

ጠዋት ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አድሮ ገና አላባራም፣ እኔም ሥራ ረፍዶብኛል። በረንዳ ላይ ያደረውን ቦቲዬን አነሳሁና ቀኝ እግሬን ወሸቅኩ። ጫፉ ላይ የሆነ ነገር ነካኝ። የልጄ ካልሲ መሰለኝ፤ የጠፋ ካልሲ ሁሌም የሚገኘው እዚያ ነው። በአውራ ጣቴ ገፋ አደረግኩት።

ካልሲው ነደፈኝ።

እንዴት እንደሚያም ልንገራችሁ። ፍም ረግጣችሁ ታውቃላችሁ? እንደሱ ነው፣ ግን ፍሙ እግራችሁ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ ይደነዝዛል፣ ከዚያ እንደገና ያቃጥላል። ቦቲውን ወርውሬ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ስጮህ ግቢው በሙሉ ወጣ። ስድስት ቤት ነን፤ ለውሃ መዋጮ ሲጠራ የሚወጣው ግን ሁለት ሰው ነው።

ጊንጡ ከቦቲው ቀስ ብሎ ወጣ። ምንም አልቸኮለም። የጣት ርዝመት አለው፣ ቀለሙ ልክ ቆልታችሁ ልታወርዱት የደረሰ ቡና ነው፣ ጅራቱን ወደ ላይ ቆልምሞ መቆንጠጫዎቹን ከፍቶ መሃል በረንዳ ላይ ቆመ። አንዱ የቲማቲም ጣሳ ደፋበት።

ከዚያ ሕክምናው ተጀመረ። በዚህ አገር የሐኪም እጥረት አለ የሚል ሰው ጊንጥ ነድፎት አያውቅም። ጡረተኛው ጋሼ «ምላጭ አምጡ» አሉ። የጎን ጎረቤታችን ላምባ ይዛ መጣች። አንዷ ነጭ ሽንኩርት ትወቅጣለች። አንዱ ጉልበቴ ስር በነጠላ ጠፍሮ አሰረኝ፤ ትንሽ ብቆይ እግሬ ከጊንጡ ተርፎ በነጠላው ሊሞት ነበር። በሩ ላይ ሱቅ ያለው ልጅ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ጊንጡ ነው፣ ጨፍልቀን ቁስሉ ላይ እንቀባው ብሎ ጣሳውን ሊያነሳ ሲል ሁሉም በአንድ ድምፅ ጮኸበት። ግቢያችን በአንድ ነገር ሲስማማ ያየሁት ያኔ ነው።

ባለቤቴ ባጃጅ ጠርታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። እዚያ ያለው ነገር አሰልቺ ነው። ቁስሉ በውሃና በሳሙና ታጠበ፣ ቀዝቃዛ ነገር ተያዘበት፣ ማስታገሻ ተሰጠኝ፣ ጥቂት ሰዓት ቁጭ በል ተባልኩ። ምላጭ የለም፣ ላምባ የለም። ነርሷ ነጠላውን እየፈታች «ይሄን ያሰረው ማነው?» አለችኝ። ጎረቤት ነው አልኳት። «ልጅህ ቢሆን የተነደፈው እንዲህ ተዝናንተህ አትቀመጥም ነበር፣ ሕፃን ላይ ሌላ ነው፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ነው የምታመጡት» አለች። ተዝናንቼ አልነበረም። ግን ዝም አልኩ።

ከሰዓት ስመለስ ግቢው ስብሰባ ላይ ነው። ጣሳው መሃል ላይ አለ፣ ድንጋይ ተጭኖበታል። አጀንዳው የኔ እግር መስሎኝ እያነከስኩ ተጠጋሁ። አጀንዳው ጊንጡ ከየት መጣ የሚል ነው።

አከራያችን አዴ (በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው፤ ስማቸውን ልተወው፣ በክረምት ቤት አይገኝም) ቤቱን ሲያከራዩኝ ሦስት ነገር ነበር የጠየቁኝ። ሥራህ ምንድነው፣ እንግዳ አይበዛብህም ወይ፣ ልጅ ስንት ነው። አንድ ነው ስላቸው «አንድ ከሆነ ይሁን፣ ልጅ ሲበዛ ግድግዳ ይበላል» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። አሁን እኚሁ አዴ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። «በኔ ግቢ ጊንጥ ኖሮ አያውቅም። ይሄ ከናንተ እንጨት ጋር የገባ ነው።»

ባለቤቴ እንጨታችን ለፋሲካ ተገዝቶ ለፋሲካ ያለቀ መሆኑን አስረዳች። ከዚያ፣ ምነው አፏን በዘጋች፣ ከግድግዳችን ጀርባ አዴ የከመሩትን የጀንፈል ጆንያ አነሳች። ጸጥታ ሆነ። ጅማ ላይ የሰው ዘር ብትሰድቡ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃችኋል። ቡና ግን አይነካም። «ቡናዬን?» አሉ አዴ። «ቡናዬን ነው?»

ነገሩን ያዳኑት ጡረተኛው ጋሼ ናቸው። ሹፌር ስለነበሩ የማንኛውንም ነገር አገር ያውቃሉ። ጣሳውን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉና ፈረዱ። «ይሄ የጅማ ጊንጥ አይደለም። የግቤ ነው። በረሃ ነው አገሩ። በአይሱዙ ከከሰል ጋር ተጭኖ ነው የመጣው።»

ሁሉም እፎይ አለ። የግቤ ነው! ስድስት ቤት ከሰል እናነዳለን፣ በቅርቡ ከሰል የገዛ ሰው ግን አልተገኘም።

ከኋላ ቤት የተከራየው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብቻ ነው ያልተዋጠለት። ጊንጥ ከሸረሪት ወገን ነው፣ ስምንት እግር አለው፣ ቀን ቀን ድንጋይና እንጨት ስር ተደብቆ ማታ ለአደን ይወጣል፣ በዚህች ምድር ላይ ደግሞ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ኖሯል፣ ዳይኖሰር እንኳ ከሱ በኋላ ነው የመጣው፣ ስለዚህ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ...

«ካርታው በማን ስም ነው?» አሉት አዴ።

ተማሪው ግን ደረቅ ነው። ጊንጥ በሐሰተኛ ብር መለያው መብራት ያበራል፣ ሌላም ካለ ማታ እንፈልገው አለ። ባለሱቁ ያቺን ትንሽ ሐምራዊ ባትሪ የገዛት 2013 ላይ ሁለት መቶ ብሩ ሲመጣ ነው፣ ከዚያ ወዲህ አምስት ብርም ያበራባታል። ሲመሽ መብራት እንደልማዱ ሄዶ ነበር፣ ለኛ ተመቸን። ጣሳው ተነሳ፣ ባትሪዋ በራች።

እመኑኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ያ የቡና ቀለም ያለው አውሬ ከነመቆንጠጫው ከነጅራቱ አረንጓዴ ሆኖ ቦግ አለ፣ ያለዘይት የሚነድ ኩራዝ ነው የሚመስለው። አንዷ «በስመአብ!» ብላ አማተበች፣ ሌላዋ «አዑዙ ቢላሂ!» ብላ ወደኋላ ሸሸች። ባለሱቁ ጎንበስ ብሎ ከላይ እስከ ታች አየው። «ይሄ ትክክለኛ ነው» አለ። ልማድ ሆኖበት ነው።

ከዚያ ግቢውን ዞርነው። የኛ እንጨት ማስቀመጫ፣ ምንም። ጆንያዎቹ ጋ፣ ምንም (አዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ)። አጥሩ ጥግ አዴ ለአጥር ብለው ካስመጡት ሁለት ክረምት የሆነው የድንጋይ ክምር አለ። ባትሪዋ እዚያ ስታርፍ ሁለት ድንጋይ መሃል አረንጓዴ ነገር ቦግ አለ። እናት ናት። ጀርባዋ ላይ ነጫጭ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ልጆች ተደራርበው ታዝለዋል። ጊንጥ እንቁላል አይጥልም፣ ይወልዳል፣ ልጆቹም የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪጥሉ እናታቸው ጀርባ ላይ ነው የሚቆዩት አለ ተማሪው። መቁጠር ጀመርን። ሃያ ሦስት ላይ ጠፋብን።

ማንም ምንም አላለም። ሁሉም አዴን ነው የሚያየው። እኔ አንድ ልጅ ይዤ ስገባ ግድግዳ ይበላል የተባልኩት ሰውዬ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ አየኋቸው።

«ድንጋዩ እኮ ገና ሒሳቡ አልተከፈለም» አሉ አዴ።

ስለዚህ የሳቸው አይደለም ማለት ነው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፣ ከዚያ ወዲህ እኔ በካልሲም እበረያለሁ። በነገራችን ላይ ይሄ የኔ አይደለም የሚባለው ነገር ጊንጥ ላይ ብቻ አይደለም። ትኋን ያለበት ቤት አይቼ አላውቅም፤ ሁሌም ከሆቴል ወይም ከአውቶብስ ነው የሚመጣው። በረሮማ እንግዳ ጠብቆ ነው የሚወጣ። ባለፈው ቡና ተጠርተን አንዱ ረከቦቱን በቀስታ ወጥቶ ስኒዎቹን አንድ በአንድ እየጎበኘ ሄደ፣ ሁላችንም አየነው፣ ሁላችንም አላየንም፣ ባለቤቷም ስለ ኑሮ ውድነት እያወራች በቄጤማ ጠረግ አደረገችው።

በሦስተኛው ሳምንት ጉንዳን መጣ። ስኳር ላይ የምትሰለፈዋን ጥቃቅኗን አይደለም የምላችሁ፣ ዋናውን ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ልጄ «እሾህ! እሾህ!» እያለ ጮኸ። ባትሪ ሳበራ ወለሉ ይሄዳል። ግድግዳውም ይሄዳል። ዓይን የላቸውም እኮ፣ በጠረን ነው የሚከታተሉት፣ ግን የሱሪዬን እግር ለማግኘት አልተቸገሩም። በሩን በርግደን ወጣን። ስድስቱም ቤት ወጥቷል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ አንድ እግሩን እያነሳ ሌላውን እየጣለ ጭኑን ይመታል። አዴ የወጡት በፌስታል የተጠቀለለ ካርታቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ነው። አመድ የበተነ በተነ፣ ላምባ ያፈሰሰ አፈሰሰ። «ተዉት» አሉ ጡረተኛው ጋሼ ጃንጥላቸውን ዘርግተው። «በልቶ ይሄዳል።»

እውነትም በልቶ ሄደ። ሲነጋ አንድ ጉንዳን የለም። በረሮ የለም። ኮርኒሱ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ኳስ የሚጫወተው አይጥ ድምፁ ጠፋ። ማታ ተማሪውና ባለሱቁ ባትሪዋን ይዘው ድንጋዩን ከታች እስከ ላይ አዩት፣ ጨለማ ነው።

በማግስቱ አዴ በራችንን አንኳኩ። ገብተው ወለሉን አዩ፣ ኮርኒሱን አዩ፣ የአልጋውን ስር ጎንበስ ብለው አዩ። ረክተዋል።

«ቤቱ አሁን ጸድቷል» አሉ። «ከነሐሴ ጀምሮ አምስት መቶ ብር ትጨምራላችሁ።»

«አዴ፣ ያጸዳው እኮ ጉንዳኑ ነው» አልኳቸው።

«እሱማ» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ጉንዳኑ የግቢው ነው።»