ሐረጎ ላይ የሚያስችለው ችሎት

ዛሬ ለምስጋና ነው የመጣሁት። ለደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ተሳፋሪ በሙሉ፣ የኋላ ወንበር ላይ ለምትታጨቁትም ጭምር። ሌላው ዓለም ዓመታት የሚፈጅበትን የፍርድ ሂደት እናንተ በ25 ኪሎ ሜትር ጨርሳችሁ ታሳዩናላችሁ፣ ያውም ትርፍ ተጭናችሁ።

ማክሰኞ ዕለት ከደሴ ስንነሳ ሰውዬው ገና ተጠርጣሪ ነበር። ስሙን አልጠራም። ታሳሪ ፖለቲከኛ በዚህ አገር ጠፍቶ ስለማያውቅ የመሰላችሁን አስገቡበት። ረዳቱ ሒሳብ ሰብስቦ ሳይጨርስ ተከሰሰ። ሐረጎ ቁልቁለት የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ጥፋተኛ ተባለ። ከሹፌሩ ጎን የተቀመጡት ጋሼ የቅጣት ማክበጃ አሰሙ፣ ሻንጣ ያቀፈችው ልጅ ማቅለያ ታቀርባለች ብዬ ስጠብቅ እሷም ማክበጃ ጨመረች፣ ኮምቦልቻ ከታች ብቅ ስትል ዕድሜ ልክ ገባ። ይግባኝ ባይ አልነበረም። ወራጅ ብቻ።

ማስረጃው? አንድ ስልክ። ስልኩ ውስጥ የ40 ሰከንድ ቪዲዮ። ድምፁ እንኳ በቅጡ አልተሰማም፣ ሹፌሩ መንዙማ ከፍቶ ነበር። ግን ሰውዬው እጁን ሲያወናጭፍ ታየ። "እጁን አየኸው?" ተባለ። ሁላችንም አየነው። ንጹሕ ሰው መቼም እንደዚያ አያወናጭፍም።

ነገር ያበላሸው አንድ መነጽራም ልጅ ነው። "ግን ማስረጃው ለጠበቆቹ ደርሷቸዋል እንዴ?" አለ። ሚኒባሱ ጭጭ። መንዙማው ራሱ የቀነሰ መሰለኝ። "አንተ ደግሞ የማን ወገን ነህ?" አሉት ጋሼ። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው የሆነ የደበቀው ነገር ሳይኖር አይቀርም። ልጁ ከዚያ በኋላ መስኮት መስኮቱን ሲያይ ነው የተጓዘው።

አልፈርድበትም፣ ያሳሳቱት መጻሕፍት ናቸው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ እየታየ ሳለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም፣ የቀረበበትን ማንኛውንም ማስረጃ የማየትና ምስክሮቹን የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ከ1987 ጀምሮ ተቀምጧል፣ ማንም እንዳይነካው በጥንቃቄ ተቀምጧል። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ምስክሩ "ማክሰኞ ማታ አዳማ አየሁት" የሚል ከሆነ፣ አንተ ማክሰኞ ማታ ደሴ ሰርግ ላይ ወጥ ስታወጣ እንደነበር የሚናገርልህ ሰው ለመፈለግ ቀን ያስፈልግሃል፤ ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎት ቆመህ ከሰማኸው ግን ሰርገኛው ተበትኗል፣ ሙሽሮቹም ልጅ ወልደዋል። መልካም ሕግ ነው። በሚኒባስ ፍጥነት አለመሄዱ ብቻ ነው ችግሩ።

መንግሥት ከእኛ ተማረ ወይስ እኛ ከመንግሥት፣ እሱን መለየት አቅቶኛል። በ2005 የሙስሊሙ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ጉዳይ ገና በፍርድ ቤት እየታየ ኢቲቪ ዶክመንተሪ ሠርቶ አቀረበልን። በ2011 የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ኃላፊዎች ሲያዙም ዶክመንተሪው ለመድረስ ቀናት አልፈጀበትም። ጠበቃ በማመልከቻ የሚለምነውን ነገር አክስቴ ሽሮ እያማሰለች ታየዋለች፣ ያውም ከነሙዚቃው። ግልጽነት ማለት እንግዲህ ይሄ ነው! ለሕዝቡ በሙሉ ክፍት፣ ለሚመለከተው ሰውዬ ብቻ ዝግ።

ምስክር ላይ ሲደርስ ደግሞ ዓይን አፋርነቱ ይመጣል። አዋጅ 699/2003 አደጋ ላይ የሚወድቅ ምስክር ማንነቱ እንዲሸሸግ ይፈቅዳል። አዋጁን ዝም ብዬ አላጣጥለውም፣ ከምር የሚፈራ ምስክር አለ። ግን በእነ እስክንድር ነጋ ክስ ምስክሮች ከመጋረጃ ጀርባ ይሰሙ ወይስ በግልጽ የሚለው ክርክር ብቻውን በ2013 ስንት ወር በላ። ከዚያ ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ክሱ ተቋርጦ ተፈቱ። እነ ጃዋር መሐመድም በዚያው ሰሞን። ደሴ ፒያሳ ጀበናው ዙሪያ ግን ሁለቱም መዝገቦች ከተዘጉ ቆይተዋል። አንደኛው በርጩማ እስክንድርን ነጻ አውጥቶ ጃዋርን ፈረደበት፣ አጠገቡ ያለው በርጩማ ገልብጦ ፈረደ፣ ቡናው የአንድ ጀበና ነው። ማስረጃው ተሰምቶ ሳያልቅ ክሱ ተቋረጠ፣ እኛ ግን እስከ ዛሬ ከውሳኔያችን ንቅንቅ አላልንም። አቋም ነዋ!

ሙያችን ግን የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። የእኛ ሰው ሲታሰር ሁላችንም በአንድ ሌሊት ጠበቃ ሆነን እናድራለን። የክስ ዝርዝሩ የታለ? ሲዲው ለምን አልተያያዘም? ገጽ 14 ለምን ጎደለ? የእነሱ ሰው ሲታሰር ስክሪንሾት ይበቃል። አንድ ወዳጄ አንቀጽ 20ን በቃሉ ይወጣዋል፣ እንደ ታሳሪው ትውልድ መንደር ግን አንዳንዴ ይጠፋበታል። እኔም አለሁበት። በ2012 የጻፍኩትን አንድ ነገር ፌስቡክ "ትዝታህ" ብሎ ሲያመጣብኝ ቶሎ ብዬ አጥፍቼዋለሁ። ማስረጃ ማጥፋት ይባል ይሆን?

አያቶቻችን በዚህ በኩል ኋላ ቀር ነበሩ። ዋርካ ሥር ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው፣ ተጠየቅ እየተባባሉ፣ ቃል በቃል ሲሟገቱ ይውላሉ። አላፊ አግዳሚውም ቁጭ ብሎ ሁለቱንም ይሰማል። "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" ያሉትም እነሱ ናቸው። ለጭብጦ! እኛ ከአያቶቻችን የወረስነው ሌባሻይን ነው። አንድን ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፣ ይክለፈለፋል፣ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፣ አለቀ። ዛሬ ለልጅ አዝነን መድኃኒቱን የምናጠጣው ስልኩን ነው፣ እሱም እንደ ልጁ ይክለፈለፍና ከአንዱ ደጃፍ ይወድቃል።

የሆነው ሆኖ ኮምቦልቻ ደረስን። ስንወርድ የጋሼ ፌስታል ተቀደደና ወረቀታቸው አስፋልት ላይ ተበተነ። ጎንበስ ብሎ የለቀመላቸው ያው መነጽራሙ ልጅ ነው። ለካ የአጥር ክርክር አለባቸው፣ ለከሰዓት ተቀጥረዋል። "ይኸውልህ ልጄ" አሉት፣ ድምፃቸው ሁሉ ተለውጦ፣ "ባለጋራዬ ካርታ አቅርቧል ይሉኛል። ኮፒውን ስጡኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ዓይኔ ላላየው ነገር ምን ብዬ ልመልስ?"

"ኧረ ግፍ ነው!" አለች ሻንጣ ያቀፈችው ልጅ።

"ወላሂ ግፍ ነው!" አለ ረዳቱ፣ በሩን ሳይዘጋ።

ልጁ ወረቀቶቹን በገጽ በገጻቸው አስተካክሎ አስረከባቸው፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገና መንገዱን ቀጠለ።