የ11 ልጆች አንድ አያት

ባለፈው ሳምንት የዘጠነኛ ክፍል ልጆቼን «ስለ አያታችሁ አንድ ገጽ ጻፉ» አልኳቸው። ቀላል መስሎኝ ነበር። ከ43ቱ ወረቀት 11ዱ ላይ ያገኘኋት አያት ግን አንዲት ሴት ናት።

መቼም የኮፒ ቤትን አሳይመንት አለማድነቅ ንፉግነት ነው። ጠዋት ሥራ ትሰጣላችሁ፤ ማታ ባለቀለም ሽፋን፣ በስፓይራል የተጠረዘ አያት ይመጣላችኋል። እኛ ለአንዲት አንቀጽ እስክሪብቶ ስናላምጥ እናመሽ ነበር። ኋላ ቀሮች!

ወደ አያታችን ልመለስ። (አያታችን ያልኩት 11 ጊዜ ካነበብኳት ወዲህ እኔም ስለተዛመድኳት ነው።) የምትኖረው አዘዞ ነው። ክረምት ሲገባ በማለዳ ተነሥታ ጉልበት ድረስ የተከመረውን በረዶ ከደጇ በአካፋ ትጠርጋለች። አዘዞ! እዚህ በረዶ ሲጥል አውቃለሁ፤ ቆርቆሮ አንኳኩቶ ይቀልጣል። አካፋ የሚያስነሣውን ግን ከ4,500 ሜትር በላይ የሚረዝመው ራስ ዳሸንም በየቀኑ አያየው። ከዚያ ገብታ እሳት ዳር ሹራብ ትሠራለች። ገናን የምታከብረው ታኅሣሥ 25 ነው። ጎረቤቶቿ ገና አራት ቀን ጾም ይቀራቸዋል፤ እሷ የቱርክ ዶሮ ትጠብሳለች። የንስሐ አባቷ ምን እንዳሏት ድርሰቱ አይገልጽም።

አንዱ ብልጥ ደግሞ እንዳይነቃበት አያቲቱን ወንድ አድርጓት መጣ። «ወንድ አያቴ ጺማም ናቸው። አባቴን ሲወልዱ ሁለት ቀን አምጠዋል።» ሁለት ቀን፣ ከነጺማቸው!

ሌላዋ የመጀመሪያውን መስመር ማጥፋት ረስታለች፦ «በደስታ! ስለ አያትህ የተዘጋጀ ድርሰት እነሆ።» «አያትህ» መባሏ እንኳ ቅር አላላትም። የታሪክ መምህሩ ጓደኛዬም ጎንደር በ1636 ዓ.ም. ተቆረቆረች የሚል ክምር ወረቀት ይዟል። በእኛ አቆጣጠር 1628 ነው። የፈረንጁን እንዳለ ሲገለብጡት አፄ ፋሲልን ስምንት ዓመት አስጠበቋቸው።

አሁን ሽሙጡን ልተወው። አንዲት ልጅ ከደብተሯ በተቀደደ ወረቀት ጽፋለች። ፊደሏ ይሳከራል፤ አራት ነጥብ የሚባል አታውቅም። አያቷ እንጨት ስትሸከም ገመዱ ትከሻዋ ላይ የሠራውን ሰንበር፣ ማታ ማታ በቅቤ የምታሽላት እሷ እንደሆነች ጽፋለች። ከ10 ስድስት ሰጠኋት። ከበረዶዎቹ ለመጀመሪያዋ ስምንት ሰጥቼ ነበር፤ ጥራዙ ያምራላ! ይሄ ያቃጥለኛል። የባሰ የሚያቃጥለኝ ደግሞ ለልጁ አያት የሚገዛ ወላጅ ነው። የገዛ እናቱ እዚያው ጓዳ ቡና እየቆሉ! ልጁ ሦስት እርምጃ ተራምዶ «እማማ፣ ልጅ ሳሉ ምን ይጫወቱ ነበር?» ቢል ምን ይጎድልበታል?

ለ11ዱም ዜሮ ሰጠሁ። ትናንት አንድ አባት ተቆጥተው መጡ።

«መምህር፣ ይሄን የመሰለ ሥራ እንዴት ዜሮ ይባላል?»

አስቀምጬ አነበብኩላቸው። በረዶው ጋ ዝም አሉ። ቱርኩ ጋ ስንደርስ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ታኅሣሥ 25 ስል አማተቡ።

«ደረሰኙን ይዤ ብሄድ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይቀይሩልኝ ይሆን?»