የሚያልቅ ጌም ወይስ የማያልቅ?

«ሰሞኑን ምን እየተጫወትክ ነው?» ጌም የሚወዱ ሰዎች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ ይህን ይጠያየቃሉ። መልሱ ግን ሁለት ዓይነት ሰው ያወጣል። አንዱ በተጠየቀ ቁጥር አዲስ ስም ይጠራል። ሌላው ከዓመታት በፊት የጠራውን ስም ዛሬም ይደግማል። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ጋብዘን በጽሑፍ እንዲከራከሩ አደረግን። አዲስ ስም የሚጠራው ራሱን «ጨራሹ» ብሏል። አንዱን ስም የምትደግመው «ነዋሪዋ» መባልን መርጣለች። ጥያቄው ይህ ነው፦ ትርፍ ጊዜው ጥቂት የሆነ ሰው የትኛውን ቢጫወት ይሻለዋል? ተጀምሮ የሚያልቀውን ወይስ ማለቂያ የሌለውን የኦንላይን ጌም? (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨራሹ፦

በቅርቡ የጨረስኩት «ክሌር ኦብስኩር፦ ኤክስፔዲሽን 33»ን ነው። ሳንድፎል የሚባል የፈረንሳይ ስቱዲዮ በ2025 ያወጣው ጌም ነው። ታሪኩን ሳላበላሽባችሁ መነሻውን ብቻ ልንገራችሁ። አንዲት ሠዓሊ በየዓመቱ ግዙፍ ድንጋይ ላይ ቁጥር ትጽፋለች። ዕድሜው እዚያ ቁጥር ላይ የደረሰ ሰው በኖ ይጠፋል። ቁጥሩ በየዓመቱ በአንድ ይቀንሳል። ጌሙ ሲጀምር 33 ላይ ደርሷል። ከቀሩት ሰዎች መካከል ጥቂቶቹ ሠዓሊዋን ሊያስቆሟት ይዘምታሉ።

ውጊያው በየተራ ነው። መጀመሪያ አንተ ትመታለህ፣ ከዚያ ጠላት ይመታል። ተራው የጠላት ሲሆን ግን እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥም። ሲሰነዝርብህ በትክክለኛዋ ቅጽበት ቁልፉን ከተጫንክ ምቱን መክተህ መልሰህ ትመታዋለህ። ያቺ የመመከት ድምፅ ሱስ ታስይዛለች።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ወደ ታች የሚቆጠር ቁጥር ዜሮ ያስፈልገዋል። እስቲ ይህን ታሪክ በየጥቂት ወሩ አዲስ ሲዝን፣ ማለትም አዲስ ምዕራፍ፣ ወደሚጨመርበት ጌም ውሰዱት። ሠዓሊዋ ትሸነፋለች። በሚቀጥለው ሲዝን ሌላ ሠዓሊ ትመጣለች። ከዚያ የሷ የአክስት ልጅ። ገጸ ባሕርይ ሲሞት ማን ያለቅሳል? በሚቀጥለው ወር በአዲስ ልብስ ሊሸጡልን ይመልሱታል እኮ።

«አውተር ዋይልድስ» (2019) ደግሞ ለኔ የመጨረሻው ማስረጃ ነው። በየ22 ደቂቃው ፀሐይ ትፈነዳለች፤ ሁሉም ነገር እንደገና ይጀምራል። አንተ ጋ የሚቀረው ያወቅከው ነገር ብቻ ነው። ሌቭል (የጥንካሬ ደረጃ) የለም፣ የተሻለ መሣሪያ የለም። መንገዱን የሚከፍትልህ «አሃ፣ ለካ እንዲህ ነው!» ያልክበት ነገር ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ እንደ አዲስ አትጫወተውም። ገና ያልጀመረውን ሰው ሳይ እቀናለሁ።

የማያልቅ ጌም ዓላማው ሌላ ነው። አንተ እንዳትወጣ ነው የተሠራው። የዕለቱ ሚሽን (ተልእኮ) አለ፣ የሳምንቱ ሚሽን አለ፣ ቀኑ ሲያልፍ የሚዘጋ ባትል ፓስ (እየተጫወትክ ደረጃ በደረጃ የምትከፍተው የሽልማት ዝርዝር) አለ። ደክሞህ ገብተህ ልትዝናና ስትል የቤት ሥራ ይሰጥሃል። ዛሬ ካልገባህ ይቀርብሃል እያለ ያስፈራራሃል። ጊዜው ጥቂት ለሆነ ሰው ይህ መዝናኛ ነው?

ነዋሪዋ፦

እኔ የምኖረው «ሮኬት ሊግ» ውስጥ ነው። በ2015 የወጣ ነው፤ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ በነፃ ይገኛል። ሲያወሩት ቀልድ ይመስላል፤ በመኪና የሚደረግ እግር ኳስ ነው። አንዱ ማች አምስት ደቂቃ ነው። መኪናህን በገንዘብ ማሳመር ትችላለህ፣ ማጠንከር ግን አትችልም። አሥር ዓመት የተጫወተውና ዛሬ የጀመረው ሞተራቸው እኩል ነው። ልዩነቱ እጃቸው ላይ ነው።

ስጀምር ኳሱ መሬት ላይ ቆሞ እንኳ አልፌው እሄድ ነበር። አሁን ግድግዳ ላይ ወጥቼ፣ ከዚያ ተነስቼ፣ አየር ላይ ኳሱን እየገፋሁ ወደ ጎል እወስደዋለሁ። (ሁልጊዜ አይደለም። ጓደኞቼ ይህን ካነበቡ ይስቁብኛል።) ይህን ለውጥ የትኛውም ደራሲ ጽፎ አልሰጠኝም። የጨራሹ ጀግኖች ሌቭላቸው ያድጋል። እኔ ያደግኩት ራሴ ነኝ።

ጨራሹ ማለቅን የጥሩ ጌም ምልክት አደረገው። ቼዝ መቼ አለቀ? ቴትሪስ ከተፈጠረበት ከ1984 ጀምሮ ሰው እየተጫወተው ነው። ኒንቴንዶ በ1989 ያወጣውን ቅጂ አንድ የ13 ዓመት ልጅ በ2023 መጨረሻ ላይ ጌሙ ራሱ ደርቆ መሥራት እስኪያቆም ድረስ ተጫወተው። ከሰው ልጅ ማንም እዚያ ደርሶ አያውቅም ነበር። ወደ 34 ዓመት ገደማ ፈጀ ማለት ነው። ታሪክ የለው፣ ገጸ ባሕርይ የለው፣ የሚወድቁ ብሎኮች ብቻ!

አሁን ወደ ጊዜ ልምጣ፤ ጥያቄው ስለ ጊዜ ነውና። «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2» የሚያልቅ ጌም ነው። ዋናውን ታሪክ ብቻ ለመጨረስ 50 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ግሩም ሥራ ነው፣ አልክድም። ግን ሥራ ላይ ውሎ ማታ አንድ ሰዓት የተረፈው ሰው ምን ያድርግ? ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ ማን ማንን እንደከዳ ረስቶታል። የትኛው ቁልፍ ፈረሱን እንደሚጠራ፣ የትኛው ደግሞ ሽጉጡን እንደሚያስመዝዝ ረስቶታል። አንዳንዴ ሰላም ሊለው የፈለገውን መንገደኛ ይተኩስበታል። እኔ ግን ሁለት ማች ተጫውቼ፣ አንዱን አሸንፌ፣ በሌላው ተናድጄ እተኛለሁ።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ጨራሾች ይጨርሳሉ? ጌም የሚሸጥበትን የስቲምን የአቺቭመንት ገጽ ክፈቱ፤ ስንት በመቶው ተጫዋች የት እንደደረሰ ያሳያል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ያለፈው ሰው ብዙ ነው። የመጨረሻውን ቦስ (ዋናውን ጠላት) የጣለው ግን በብዙ ጌሞች ላይ ከግማሽ በታች ነው። ቅናሽ ሲመጣ ገዝተው ያልከፈቱትንማ ተዉት።

ባትል ፓስ ያስጨንቃል መባሉ ልክ ነው። ግን የማያልቅ ጌም ሁሉ እንዲህ አይደለም። «ሄልዳይቨርስ 2» (2024) ላይ የገዛኸው ፓስ ጊዜ አያልፍበትም። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰህ ካቆምክበት መቀጠል ትችላለህ። ስለዚህ ጥፋቱ የነጋዴው ነው እንጂ የጌሙ ዓይነት አይደለም።

ጨራሹ፦

50 ሰዓቱን ጠራሽና አጭሮቹን ዘለልሻቸው። «ፖርታል» (2007) በአንድ ምሽት ያልቃል። «አ ሾርት ሃይክ» (2019) ከዚያም ያንሳል። አንዲት ወፍ ተራራ ላይ ትወጣለች፤ የስልክ ኔትወርክ ፍለጋ ነው የምትወጣው። በቃ፣ ጌሙ ይኸው ነው! ግን መንገድ ላይ የምታገኛቸው ሰዎች፣ ከጫፉ ላይ ተወርውራ ስትንሸራተት የሚሰማሽ ነገር፣ አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ነው። የረጅም ጌም ችግር መርዘሙ ነው እንጂ ማለቁ አይደለም።

ስለ ነጋዴው ካነሳሽ ደግሞ ይኸውልሽ። የማያልቅ የምትይው ጌም ያልቃል። የሚጨርሰው ግን ሌላ ሰው ነው። «ዘ ክሩ» የተባለው የመኪና ጌም በ2014 ወጣ። ብቻህን የምትጫወተው ታሪክም ነበረው። ነገር ግን ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም ነበር። ኩባንያው ዩቢሶፍት በ2024 መጋቢት መጨረሻ ላይ ሰርቨሩን፣ ማለትም ጌሙን በኢንተርኔት የሚያስኬደውን ኮምፒውተር፣ ዘጋ፤ ከገዙት ሰዎች ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። «ኮንኮርድ»ን አስታውሺ። በነሐሴ 2024 ወጣ፣ ሁለት ሳምንት ኖረ፣ ተዘጋ። የዚህኛውስ ገንዘብ ለገዙት ተመልሷል። «ዴስቲኒ 2» ደግሞ በ2017 ሲወጣ የነበረውን ዋና ታሪክ በ2020 ከጌሙ ውስጥ አወጣው። ሰው ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ታሪክ ነው!

የኔ «ፖርታል» ግን ዛሬም አለ። ነገ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ ኮምፒውተሬ ላይ ይነሳል።

«ከጓደኞቼ ጋር ነው የምጫወተው» እንደምትይ አውቃለሁ። ለዚህም ማለቂያ የሌለው ጌም አያስፈልግም። «ኢት ቴክስ ቱ» (2021) ለሁለት ሰው ብቻ የተሠራ ነው። አንዱ ከገዛ ሌላው በነፃ ይገባል። አንዱ ሚስማር ሲወረውር ሌላዋ በመዶሻ ትንጠለጠልበታለች። ከዚያ ምዕራፉ ያልፍና መሣሪያው ይቀየራል፤ ሌላ ነገር ይመጣል። አንዱ ያለ ሌላው አንድ እርምጃ አይራመድም። እኔ ከእህቴ ጋር ነው የጨረስኩት። በጣም ተሰዳድበናል።

ነዋሪዋ፦

«ዘ ክሩ» ላይ አልከራከርህም። እንዲያውም ከኛ ወገን ነው ጩኸቱ የተነሳው። ኩባንያዎች ሰርቨር ሲዘጉ ጌሙን ሰው ሊጫወተው በሚችል መልክ ይተዉት የሚለው ጥያቄ በ2025 ለአውሮፓ ኅብረት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባስቧል። የፈረመው ማን ይመስልሃል? ጨርሶ የዘጋው ሰው ምን ገዶት! ቤቱ የፈረሰበት ነው የሚጮኸው።

ይህ ግን ለኔ እንጂ ለአንተ ማስረጃ አይደለም። ሰው ለሥራ ዝርዝርና ለባትል ፓስ እንዲህ አይጮህም።

ስለ ጓደኞች ያልከውም ግማሹን ብቻ ነው። «ኢት ቴክስ ቱ»ን ከእህትህ ጋር ጨረስክ። ከዚያስ? ሌላ ጌም መምረጥ አለባችሁ፣ ሁለታችሁም የምትወዱት መሆን አለበት፣ ሁለታችሁም ጊዜ ሊኖራችሁ ይገባል። እኛ ግን ሦስት ሰዎች ሦስት ቦታ ነው የምንኖረው። ማታ አንዱ «አለህ?» ይላል፣ እንገባለን። ስለ ጌሙ ብዙም አናወራም። ስለ ሥራ እናወራለን፣ ስለ ቤተሰብ እናወራለን፣ መሀል ላይ አንዱ «ያዘው! ያዘው!» ብሎ ይጮሃል። እንዲህ ዓይነት ወሬ ከባድ ታሪክ ባለበት ጌም ውስጥ አይሆንም። የሚያለቅስ ገጸ ባሕርይ እያቋረጥክ ስለ አለቃህ ልታማ ነው?

«ማይንክራፍት»ንም እይ። በ2011 ሙሉ ሆኖ ወጣ፤ እስከ 2023 ከ300 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሽጧል። የሚገርመው መጨረሻ አለው። ዘንዶ አለ፣ ዘንዶውን ከገደልክ ጽሑፍ ይመጣል። ለዓመታት ተጫውተው ዘንዶውን አይተውት የማያውቁ ሰዎች ሞልተዋል። ቤት እየሠሩ ነዋ! ምርጫ ሲሰጠው ሰው ሁሉ ወደ መጨረሻው አይሮጥም።

ጨራሹ፦

ለወሬ ከሆነ ስልክ መደወል አይቀልም? ይቅር፣ ይህን ለተንኮል ነው ያልኩት።

የኔ ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም። አንቺ «ሮኬት ሊግ»ን የምትወጂው ስለሠለጠንሽበትና ጓደኞችሽ እዚያ ስላሉ ነው። ጥሩ። ግን አንድ ጌም ስትገቢ ስንቱን ነው የምትተዪው? በ2025 ብቻ «ክሌር ኦብስኩር» ወጣ፣ ሰው ዓመታት የጠበቀው «ሆሎው ናይት፦ ሲልክሶንግ» ወጣ፣ «ሄዲስ 2» ሙሉ ሆኖ ወጣ። አንዱንም አልነካሽም ብዬ እወራረዳለሁ። አንድ ሜዳ ላይ አንድ ኳስ ስትከተዪ ዓለም እያለፈ ነው።

ነዋሪዋ፦

ተበላህ። «ሄዲስ 2»ን ገና ሳያልቅ፣ በ2024 ለሙከራ ሲከፈት ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያውንም ተጫውቼዋለሁ። ደግሞ የኛ ጌም ነው፤ ሞተህ ትጀምራለህ፣ ሞተህ ትጀምራለህ። አንዱ ሙከራ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከተሸነፍክ ቤትህ ትመለሳለህ፣ እዚያ ያሉት ሰዎች አዲስ ወሬ ያወሩሃል፣ እንደገና ትወጣለህ። ይህ ከኔ አምስት ደቂቃ በምን ይለያል?

ጨራሹ፦

በታሪኩ ይለያል! «ሄዲስ» ላይ መሞት ራሱ ታሪኩን ወደፊት ይገፋዋል። የሚያወሩሽ ሰዎች የሚሉትን የጻፈ ደራሲ አለ። የመጀመሪያው ላይ አሥር ጊዜ ካመለጥሽ በኋላ ነገሩ ይቋጫል፣ የሠሩት ሰዎች ስም በክሬዲቱ ላይ ይወርዳል። ክሬዲት ያለው ጌም የኔ ነው። ይህንን አልለቅልሽም።

ነዋሪዋ፦

እሺ። ክሬዲቱን ካየህ በኋላ ስንት ጊዜ ገባህ?