ይድረስ ለሰፈራችን ጉድጓድ

ለክቡር ጉድጓድ፤
ከዳቦ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ መታጠፊያው ላይ፣ አዲስ አበባ።

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የፊት ግራ ጎማዬ ግን እንደሚያውቁት ደህና አይደለም።

አንቱ ማለቴ አይግረምዎ። ካቻምና የቡና ሲኒ ሲያክሉ "አንተ" ነበር የምልዎ። በሁለቱ ጎማዎች መሀል አሳልፌዎ እሄድ ነበር። ከዚያ አስፋልቱ ተሰነጠቀ፣ ዝናቡ በስንጥቁ ገባ፣ ከስር ያለው አፈር ራሰ፣ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ረገጠዎ። በሁለት ክረምት የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አከሉ። ላደገ ክብሩን መንፈግ ነውር ነው።

ሐሙስ ማታ ውሃ ሞልቶዎ ጸጥ ብለው ተኝተዋል። ኩሬ መሰሉኝ። (ያው ኩሬም ነበሩ፤ የደበቁኝ ጥልቀትዎን ነው።) ጓ! አለ። ወርጄ በስልኬ መብራት ሳይ ጎማው ከጎኑ ተቀዶ እንደተገመጠ አምባሻ ሆኗል። ስኮርታዬን አወረድኩ። ክሪኩ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። አንድ ልጅ "ፋዘር፣ ድንጋይ ላስደግፍልህ?" አለኝና ድንጋዩን ያወጣው ከእርስዎው ሆድ ነው። ቀን ላይ እርስዎን ሞላሁ ብሎ ሳንቲም የተቀበለበት ድንጋይ! በአንድ ድንጋይ ሁለቴ ከፈልኩ።

በማግስቱ ኢንሹራንስ ሄድኩ። እኔ እኮ ሦስተኛ ወገን ብቻ ያለኝ ሰው አይደለሁም፤ ሙሉ ሽፋን ነው የገዛሁት። ልጅቷ ትሁት ናት። "ከጎማው ሌላ የተጎዳ ነገር አለ?" አለችኝ። "ተመስገን፣ የለም" አልኳት። ምስጋናዬ ጉድ ሠራኝ። ለካ በውሌ መሠረት መኪናው አብሮ ካልተጎዳ ጎማ ለብቻው አይከፈልበትም። ምነው ክቡርነትዎ፣ ከጀመሩ አይጨርሱም? አሞርዛተሩን ምን ብለው ማሩት? ትንሽ ገፋ አድርገው ከስልክ እንጨቱ ጋር ቢያላትሙኝ ይሄኔ ቼኬን ተቀብዬ ነበር።

"ታዲያ አረቦን ልጨምርና ለጉድጓድ ብቻ የሚሆን ተጨማሪ ሽፋን ሽጡልኝ" አልኳት። ሳቀች። "ጋሼ፣ እሱን ከሸጥን እኛንስ ማን ዋስ ይሆነናል?"

መንገድ ላይ ሳስበው እውነቷን ነው። ኢንሹራንስ የሚከፍለው ለድንገተኛ አደጋ ነው። እርስዎ ደግሞ ምንዎ ድንገተኛ ነው? በቀን ሁለቴ እንገናኛለን። ሰፈርተኛው አቅጣጫ ሲጠቁም "ከጉድጓዱ ከፍ ብሎ" ነው የሚለው። ፎርሙ ላይ "አደጋው እንደሚደርስ ያውቁ ነበር?" ተብዬ ብጠየቅ ምን ልሞላ ነው? ደግሞስ የምን አረቦን? ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ በቀዳሁት ነዳጅ ላይ ለመንገድ ጥገና ተብሎ ይታሰብብኛል። ስንት ዓመት ስከፍልልዎ ኖሬያለሁ! እርስዎ ግን አንድ ቀን እንኳ "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው አያውቁም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ሦስት ጎማ ያለው ደንበኛዎ

ግልባጭ፦
ለጎሚስታው (በእርስዎ በረከት ሁለተኛ ኮምፕሬሰር ለገዛው)
ከፋርማሲው ፊት ለፊት ላለው ታናሽ ወንድምዎ (ትናንት ሳየው የቡና ሲኒ አክሏል)