«አብሽሪ» ብለን የሸኘናት እናት

ወሎ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምትሰማው ቃል አብሽር ነው፣ ታመምክ አብሽር፣ ከሰርክ አብሽር፣ ማትሪክ አልመጣልህም አብሽር። ቃሉን እወደዋለሁ፣ ግን አንዳንዴ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አፉን መክደኛ እናደርገዋለን።

አምና ደሴ እኛ ሰፈር ቡና ላይ አንዲት ጎረቤታችን የልጇን ነገር አነሳች። አስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኖ ነጥብ አልመጣለትም፣ ማታ አይተኛም ቀን ከአልጋ አይወርድም፣ ከሁሉም የከነከናት ግን ምን መሰላችሁ፣ እንደ ዓይኑ የሚያየውን የኳስ ጫማ «ውሰደው፣ ለኔ ምን ይሰራልኛል» ብሎ ለታናሽ ወንድሙ መስጠቱ ነው። ይቺን ስትነግረን ሲኒውን ይዛ ቀረች፣ አልጠጣችም። እኛስ? አንዷ ዓይን በልቶት ነው አለች፣ አንዱ ስልኩን ቀሚው አለ፣ እኔ አብሽሪ ያልፋል አልኩ። ቶናው ሲቀዳ ወሬው ወደ ዘይት ዋጋ ዞሯል። ልጁ ራሱን ስለማጥፋት እያሰበ ይሆን ብሎ የጠየቀ የለም።

ወጣቱን ሁሌ «ሲጨንቃችሁ ለቤተሰብ ንገሩ» እንላለን። እሺ ተናገረ እንበል፣ እናትየው ምን ትበል? ማን አሳያት? እሷ ራሷ እኮ ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሲመጣ ልጆቿን ይዛ በእግሯ ከደሴ የወጣች ሴት ናት፣ ያን ጊዜ ያየችውን እስካሁን ለማንም አላወራችም፣ የሷንም ጭንቀት የጠየቃት የለም።

የፈተናውን ነገር ደግሞ እንነጋገር ካልን በ2015 ከተፈተኑት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው፣ እንዲህ እያለ «የእገሌ ልጅ አልፎ አንተ» ይባላል። ራስን ማጥፋት በአንድ ምክንያት የሚመጣ ነገር አይደለም፣ ፈተና ብቻውን አያደርሰውም፣ ግን በላዩ ላይ እኛ የምንጨምረው አለ።

ወደ እናቲቱ ልመለስ፣ የደረሰላት የቡናው ምክር ሳይሆን አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት፣ ፊት ለፊት ጠይቂው ያለቻት። ወላጅ የሚፈራው ብጠይቀው ሐሳቡን እኔው አስገባበታለሁ ብሎ ነው፣ ግን መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፣ ብዙ ጊዜ ልጁን እፎይ ያሰኘዋል። ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ «ሆዴ፣ ራስህን ለማጥፋት አስበሃል እንዴ?» አለችው። ዝም ብሎ ቆይቶ «አዎ እማ» አለና አለቀሰ። አልጮኸችም፣ ኃጢአት ነው ሐራም ነው አላለችም፣ «እንኳን ነገርከኝ» ብላ እዚያው አጠገቡ አደረች፣ ጠዋት ቤት ያለውን ኪኒንና የተባይ መድኃኒት ጠርጋ እህቷ ቤት አደረገችው።

ይሄ የመጨረሻው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጭንቀቱ የሚበረታበት ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ነው፣ በዚያች ሰዓት አደገኛ ነገር እጁ ላይ ካልገባ ብዙ ሰው ይተርፋል። ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑትን የእርሻ ኬሚካሎች ተራ በተራ ስትከለክል በሁለት አስርት ዓመታት ራሱን የሚያጠፋው ሰው መጠን 70 በመቶ ገደማ ነው የቀነሰው።

ሕክምናው ላይ ግን ተንገላተዋል። መጀመሪያ የሄዱበት ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ ወረፋው ሁሉ እየሰማ «ምኑን ነው የሚያመው?» ብሎ ጮኸ፣ ልጁ ወደ ቤት ተመለሰ። ሌላ ቦታ አንዲት የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ነርስ አገኙ፣ ዱዓውንም ተዉ አላለቻቸውም፣ ክትትሉም ዱዓውም ጎን ለጎን ሄደ። አሁን ኮምቦልቻ ጋራዥ ይሰራል፣ ቅዳሜ ይመጣል፣ ጫማውን ግን ወንድሙ አልመልስም ብሏል።

እኔን የሚያናድደኝ ቅሬያችን ነው (እድር ለምትሉት)። ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን በሰዓቱ ይተከላል፣ ሳይሞት ግን ማንም አይጠራም። የወሩ ስብሰባ ላይ ያቺን ነርስ ጋብዘን ለወላጆች ግማሽ ሰዓት እንስጣት ብዬ ለቅሬው ዳኛ ነገርኩት፣ «ሟርት አታምጣብን» አለኝ። በሚቀጥለው ወር ደግሜ አነሳዋለሁ፣ እናትየውም እኔው ልናገር ብላለች።